አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ

ሰው በማያውቀው ነገር አይዋረድም፤ አውቃለሁ ባለው ነው የሚዋረደው። አባቶቻችን እንዲህ የሚል ተረት ትተውልን እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ካልተዉልን ግን ይኸው እኔ ጨምሬያለሁ፤ የተማርኩት በራሴ ነውና።

እኔ ጌዴኦኛ እችላለሁ ብዬ የማምን ሰው ነበርኩ። የተወለድኩት ዲላ ነው። አባቴ ከሰሜን በመምህርነት ተመድቦ መጥቶ በዚያው የቀረ ሰው ነው፤ ቤታችን ውስጥ ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ የሚሰማው ሬዲዮው ጣቢያ ሲስት ብቻ ነበር። ከተማው ውስጥ ጌዴኦውም፣ ኦሮሞውም፣ ሲዳማውም፣ ጉራጌውም እርስ በርሱ የሚግባባው በአማርኛ ስለሆነ፣ አማርኛን ከእናቱ ጡት ጋር ያገኘ ሰው ወደ ማንም ቋንቋ ሳይሄድ ማርጀት ይችላል። ሁሉም ወደ እሱ ይመጣለታል። እኔም ነገሩን የማየው ውሃ ቁልቁል እንደሚወርደው አድርጌ ነበር።

ዲላ ላይ የማመልከቻ ጸሐፊው ቁጥር ከአመልካቹ ሲበልጥ፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን ጭኜ ገደብ ወደምትባል ከተማ ሄድኩ። ከዋናው መንገድ ዳር፣ አውቶቡስ የሚቆምበት አጠገብ፣ አንዲት ክፍል ይዤ ሥራ ጀመርኩ። ሥራዬ እንዲህ ነው። ከገጠር ቀበሌ የመጣ ሰው አማርኛ የሚችል ዘመድ ይዞ ፊቴ ይቀመጣል። የአያቱን መሬት፣ የወንድሙን ክህደት፣ የሞተችበትን ላም እያነሳ ግማሽ ሰዓት ይናገራል። ዘመዱ ያንን ሁሉ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይነግረኛል። እኔ ደግሞ ሁለቱን ወደ አንድ አጥፌ «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደሞከርኩት» ብዬ እጀምራለሁ። ሰውየው በጌዴኦኛ ሲያለቅስ እኔ በአማርኛ «በመሆኑም» እላለሁ። መጨረሻ ላይ በጣቱ ይፈርምና፣ ምን ብሎ እንዳመለከተ ሳያውቅ አመስግኖኝ ይሄዳል።

ጌዴኦኛዬን ያገኘሁት ከገበያ ነው። ቁጥር እችላለሁ። «ቀንሺ»፣ «ጨምሪ»፣ «ደረቅ ነው»፣ «ይከብዳል»፣ «ቀይ ነው»፣ «ነገ ነይ» ማለት እችላለሁ። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ብቆጥራቸው ስልሳ ቢሞሉ ነው። በእነዚህ ስልሳ ቃላት አሥራ አንድ ዓመት በሰላም ኖርኩ። ለቅሶ ቤት ገብቼ ባሏ የሞተባትን ሴት «ነገ ይሻላል» ያልኳት ጊዜ እንኳን (በገበያ ቋንቋ ነገ ዋጋው ጥሩ ይሆናል ማለት ነው) ሴትየዋ አንገቷን ደፍታ አመሰገነችኝ። አንድ ሽማግሌም ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አንተማ የእኛ ሰው ሆነሃል» አሉኝ። እኔም አመንኳቸው። ጌዴኦ እንግዳ አያሳፍርም፤ የኔም ድንቁርና እዚያ ደግነት ላይ ተደግፎ ነው እንደ ሐረግ ያደገው።

ከሁሉ የበለጠ ቋንቋ የቻልኩ የሚመስለኝ ከእትዬ ዘነበች ጋር ሳወራ ነበር። እትዬ ዘነበች ከባንኮ ጎቲቲ ቀበሌ አቮካዶና ቆጮ እያመጣች ገደብ ገበያ የምትሸጥ፣ ሃምሳ ዓመት ገደማ የሚሆናት ሴት ናት። ባሏ ሞቷል፤ ልጆቿ ሥራ ፍለጋ ርቀው ሄደዋል። በየገበያው ቀን ሸክሟን በረንዳዬ ላይ አውርዳ ታርፍና «ኮምፒውተር፣ ደህና ነህ?» ትለኛለች። ስሜን አታውቅም፤ ገበያው ሁሉ ኮምፒውተር ነው የሚለኝ። ደህና ነኝ እላለሁ። ቡናው ደረሰ ወይ እላለሁ። ቀይ ሆነ ትለኛለች። ይከብዳል ወይ እላለሁ፣ ወደ ሸክሟ እያየሁ። ይከብዳል ትላለች፤ እንሳሳቃለን። ወሬያችን ይህች ነች። ለእኔ ግን ወዳጅነት ነበረች፤ አሁንም ሌላ ስም አላገኘሁላትም።

አንድ የገበያ ቀን ሸክሟን አውርዳ ከተቀመጠች በኋላ መነሳት አቃታት። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ግድግዳው ላይ ተደገፈች። ከሱቄ ጀርባ ተከራይታ የምትኖር መምህርት አስቴር የምትባል ጎረቤት አለችኝ፤ የባንኮ ጎቲቲ ልጅ ስትሆን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ የምታስተምረው ራሱን ጌዴኦኛን ነው። እሷ መጥታ ጎንበስ ብላ አነጋገረቻትና ወደኔ ዞረች።

«ከታመመች ሰንብታለች፤ ዝርዝሩን መንገድ ላይ አትነግረኝም። የሚቀጥለው ሳምንት ፈተናውን ልጨርስና ፈቃድ ጠይቄ ዲላ ሆስፒታል እወስዳታለሁ። እስከዚያው እዚሁ ጤና ጣቢያ ብትታይ ጥሩ ነበር፤ እዚያ ቋንቋዋን የሚችሉ ልጆች አሉ።»

«ጤና ጣቢያ ደግሞ ምን ያደርጋል?» አልኳት። «እኔ ነገ ለማሽኑ ቀለም ዲላ እሄዳለሁ። ይዣት እሄዳለሁ።»

«ጋሼ፣ ሴት ብትሄድላት ይሻላል።»

«ሐኪም ዘንድ ሴት ወንድ የለም።»

«ቋንቋውስ?»

ይህቺ ጥያቄ ደሜን አፈላችው። አሥራ አንድ ዓመት ገደብ የኖረን ሰው ቋንቋውስ ይሉታል? ወደ እትዬ ዘነበች ዞሬ በጌዴኦኛ «ነገ ነይ» አልኳት። «እሺ» አለችኝ። «ይኸው» አልኩ ለመምህርቷ።

በማግስቱ በሚኒባስ ተነሳን። ፍስሐ ገነትን፣ ይርጋጨፌን፣ ወናጎን ስናልፍ፣ ተሳፋሪው ሁሉ እንዲሰማኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ በመስኮት የማየውን እነግራት ነበር። «ቡና» እላለሁ። «ቡና» ትላለች። «ብዙ» እላለሁ። «ብዙ» ትላለች። ከኋላችን የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፤ ያደነቁኝ መሰለኝ። እሷ መንገዱ በተንገጫገጨ ቁጥር የመቀመጫውን ብረት ጨብጣ ዓይኗን ትጨፍናለች። የመኪና ፍርሃት ነው ብዬ «ነገ ይሻላል» አልኳት።

ሆስፒታሉ በር ላይ ዘበኛው ጌዴኦኛ በሚመስል አማርኛ «እናትየው ወደ ሰባት ቁጥር ይግባ» አለን። ሰባት ቁጥርን አገኘሁት። በሩ ላይ በቀለም ሰባት፣ ከጎኑ በተለጠፈ ወረቀት አሥራ ሁለት ይላል። ፊደል የቆጠረ ሰው ሁለት ቁጥር ሲያይ የወደደውን ይመርጣል፤ እኔም ቀለሙን መረጥኩ። ሁለት ሰዓት ያህል ተሰልፈን ከተቀመጥን በኋላ ነው ከጎናችን ያለው ሰው ሁሉ ጉንጩን ይዞ መቀመጡን ያስተዋልኩት። ተራችን ደርሶ ስንገባ የጥርስ ሐኪሙ «አፍዎን ይክፈቱ» አላት በእጁ እያሳየ። እትዬ ዘነበች ወደኔ አየች። እኔም እንዳላፍር ብዬ አንገቴን ነቀነቅኩላት። ከፈተች። ሐኪሙ ባትሪውን አብርቶ ጥርሶቿን አንድ በአንድ ካየ በኋላ «ጤነኛ ናቸው፤ ምንድነው የመጣችሁበት?» አለኝ። ሆዷን እንደሆነ ስነግረው ባትሪውን አጥፍቶ በሩን አሳየኝ። ይህን ለሰው ሳወራ ብዙ አስቄበታለሁ። አፏን ከፍታ እንዴት ወደኔ ታይ እንደነበር ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ትክክለኛው ክፍል ስንደርስ ወጣት ሐኪም አገኘን፤ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ፣ ትሑት ልጅ። «ጌዴኦኛ የምትችል ነርስ ነበረችን፤ የወሊድ ፈቃድ ላይ ነች። አስተርጓሚ አለ?» አለ።

«እኔ አለሁ» አልኩ። ሰው በሕይወቱ የሚጸጸትባቸው ቃላት ረጃጅም አይደሉም።

«ምን እንደሚሰማቸው ጠይቅልኝ።»

ጠየቅኳት። የጠየቅኩበት ቃል አቮካዶ ሻጭ «ምን አለሽ?» የምትባልበት ነው። እሷ ግን ገባት። ነጠላዋን አጥብቃ ግድግዳ ግድግዳውን እያየች ዝግ ባለ ድምፅ መናገር ጀመረች። ረጅም ነበር። እኔን ስታናግር እንደምታደርገው ቃል በቃል ሳትለቅም፣ ሳታቆም ተናገረች። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር የገባኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለእኔ ስትል ቋንቋዋን እንደ ሕፃን ጉርሻ እየቆራረሰች ታጎርሰኝ ኖሯል። አሁን የምትናገረውን ግን አላውቀውም። ከመሃል የያዝኩት «ቀይ»፣ «ብዙ» እና «ይከብዳል» የሚሉትን ሦስት ቃላት ነው። «ቀይ» ደግሞ ለእኔ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የደረሰ ቡና።

«ቡና ለቀማ ላይ ነው የጀመራት» አልኩት ሐኪሙን። «ቡናው ዘንድሮ ብዙ ነው። ሸክም ከብዷት ሆዷን አሟታል።»

«ይሄን ሁሉ ተናግረው ይኸው ነው?»

«ጌዴኦኛ ይረዝማል» አልኩት።

ጻፈ። ከዚያ ቀና ብሎ «ደም ይፈስሳቸዋል ወይ? ከማህፀን ማለቴ ነው» አለኝ።

እዚህ ላይ ልዋሽ እችል ነበር፤ አልሰማሁትም ማለት እችል ነበር። ሰምቼዋለሁ። ደም የሚለውን በጌዴኦኛ አላውቅም፤ ገበያ ላይ አይሸጥም። ማህፀንንም አላውቅም። ባውቅስ እናቴን የምታህልን ሴት እንዴት ብዬ እጠይቃታለሁ? እሷ ከሐኪሙ ወደኔ፣ ከኔ ወደ ሐኪሙ እያየች ጥያቄውን ትጠብቃለች። እኔ ወደ እሷ ዞሬ እንኳን አላየኋትም።

«የለም» አልኩት። «ትልቅ ሴት ናት።»

ሆዷን በእጁ ጫን ጫን አድርጎ አየና የጨጓራ መድኃኒት አዘዘላት። «በሁለት ሳምንት ካልተሻላቸው የግድ ይመለሱ፤ ሌላ ምርመራ እናደርጋለን» አለ። ይህንንም ተረጎምኩት። «ጨርሺ፤ ጥሩ ነው» አልኳት።

ወደ ገደብ ስንመለስ ጀግና ነበርኩ። መምህርት አስቴር «ምን ምን ጠየቋት?» ስትለኝ «ሁሉንም» አልኳት፤ የጥርሱን ታሪክ ነግሬያት ሳቀች፤ ከዚያ መሳቋን አቆመች። «እሷስ ምን አለች?» አለችኝ። «ሁሉንም» አልኩ እንደገና።

ከዚያ በኋላ እትዬ ዘነበች ገበያ መምጣቷን አልተወችም። ግን ሸክሟ በየሳምንቱ እያነሰ፣ ፊቷ እየጠቆረ ሄደ። «ደህና ነሽ?» እላታለሁ። «ደህና» ትለኛለች። በእኔና በእሷ መካከል ለዚህ ጥያቄ ሌላ መልስ አልተሠራም ነበር። ቡናው ተለቅሞ አለቀ። እሷም መምጣት አቆመች።

ሦስተኛው ወር ላይ መምህርት አስቴር ከባንኮ ጎቲቲ ተመልሳ በቀጥታ ወደ ሱቄ ገባች። ሰው ፊቴ ተቀምጦ ነበር፤ እስኪወጣ ቆማ ጠበቀች።

«ያን ቀን ለሐኪሙ ምን አልከው?»

«የነገረችኝን ነዋ።»

«ደም መፍሰስ ከጀመራት ቆይቷል። ለሐኪሙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነግሬዋለሁ፣ እሱም ሰምቶ የሰጠኝን መድኃኒት ጨርሻለሁ ነው የምትለኝ። ሐኪሙ ሰምቶ ዝም ካለ የሚያሰጋ ነገር አይደለም ብላ ነው የተቀመጠችው።»

ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ተቀምጬ ነበር ለካ።

በማግስቱ ሦስት ሆነን ዲላ ሄድን። በዚያ መንገድ ላይ አንድም ቃል በጌዴኦኛ አልተናገርኩም። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ዝቅ ባለ ድምፅ ሲያወሩ ነበር፤ ፍስሐ ገነት ስንደርስ እትዬ ዘነበች የሆነ ነገር ተናግራ መምህርቷን አሳቀቻት። ቀልደኛ ሴት መሆኗን ያን ቀን አወቅኩ። አሥራ አንድ ዓመት በረንዳዬ ላይ የተቀመጠች ሴት ቀልደኛ ነበረች።

ያገኘናት ሐኪም ሌላ ናት፤ ጠና ያለች ሴት። መምህርት አስቴር አጠገቧ ሆና እያስተረጎመች ብዙ ጠየቀቻት። እኔን በረንዳው ላይ እንድጠብቅ አደረጉኝ። ምርመራው ቀናት ፈጀ። ውጤቱ ሲመጣ ግን እትዬ ዘነበች እኔም እንድገባ በእጇ ጠራችኝ። የማህፀን በር ካንሰር ነው፤ ተስፋፍቷል። ሐኪሟ ወደ ሐዋሳ እንደምትልካት፣ ሆኖም ብዙ ተስፋ መስጠት እንደማትችል ቀስ ብላ ተናገረች። መምህርቷም ቀስ ብላ ተረጎመችው። እትዬ ዘነበች እጆቿን ጉልበቶቿ ላይ አድርጋ ሰማች።

«አንድ ነገር ጠይቂልኝ» አለች ሐኪሟ። «ይሄን ያህል ጊዜ እየደማች ለምንድነው ሳትመጣ የቆየችው? ቀደም ብትል ኖሮ ብዙ መንገድ ነበረን።»

መምህርት አስቴር ወደኔ ላለማየት ስትታገል አየሁ። ጥያቄውን ተረጎመችው። እትዬ ዘነበች ግን ወደኔ አየች። ጥቂት አሰበች። ከዚያ እኔን ስታናግር እንደለመደችው ቃላቱን አንድ በአንድ እየለየች መለሰች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገባኝ። ገበያ ላይ የማውቃቸው ቃላት ነበሩ።

«ቡናው ቀይ ሆኖ ነበር። ብዙ ነበር። ሰው የለኝም።»

መምህርቷ እንዳለ ተረጎመችው። ሐኪሟ «ቡና ከነፍስ ይበልጣል?» ብላ አንገቷን ነቀነቀችና ጻፈች። «መጥታ ነበር ዶክተር፤ ያመጣኋት እኔ ነኝ፤ የለም ያልኩትም እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። አማርኛው ነበረኝ፤ የተወለድኩበት ቋንቋ ነው። አንዲት ቃል ከአፌ አልወጣችም።

መናገር የቻልኩት ሚኒባስ ስንጠብቅ ነው፤ ያውም ለመምህርቷ። «ውስጥ ነው መናገር የነበረብህ» አለችኝ። ቆይታ ደግሞ «ግን አንተ ብቻ አይደለህም» አለች። «ሕፃናቱን በቋንቋቸው አስተምራለሁ። ትልልቆቹ ሲታመሙ ቋንቋቸው በሩ ላይ ይቀራል። ሰው ይዘህ ና ይባላል። ሰው ያለው ይዞ ይመጣል፤ የሌለው አንተን ይዞ ይመጣል።»

እትዬ ዘነበች ሐዋሳ ሄዳ፣ የሚደረግላትን ተደርጎላት ተመለሰች።

እኔ ደግሞ የማውቀውን አደረግኩ፤ ማመልከቻ ጻፍኩ። ሕመምተኛ በሚገባው ቋንቋ የሚያናግረው ሰው በየክፍሉ እንዲመደብ የሚጠይቅ። ለመጀመሪያ ጊዜ «ከላይ በርዕሱ» ሳልል፣ የሆነውን ሁሉ፣ «የለም» ያልኩትን ጭምር አስገብቼ አራት ገጽ ጻፍኩ። የወሰድኩበት ቢሮ ያለው ሰው መጀመሪያውን ገጽ አንብቦ «አጠር አድርገህ ብታመጣው» አለኝ። አሳጥሬ ወሰድኩ። ጉዳዩ የሚመለከተው ክፍል ይየው ተብሎ ተመራ፤ ያም ክፍል ለሌላው መራው፤ ወሩ ሲያልቅ ተመልሶ መጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ አገኘሁት፤ ማኅተም በዝቶበት። ሰውየው ክፉ አልነበረም። «ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ መደቡ የለም» አለኝ። «ነርሷም ከወሊድ ትመለሳለች።»

መምህርት አስቴር ግን ማመልከቻ አልጻፈችም። አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። ሐኪም የሚጠይቃቸውን ጥያቄዎች በአማርኛ፣ ከጎናቸው ደግሞ በጌዴኦኛ አድርጋ በእጇ ጽፋቸዋለች። ጌዴኦኛ በላቲን ፊደል እንደሚጻፍ አውቃለሁ፤ ኮምፒውተሬ ላይ ግን በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ የጌዴኦኛ መስመር ተጽፎ አያውቅም። አንድ ገጽ ለመጻፍ አንድ ቀን ፈጀብኝ። እሷ ከጎኔ ቆማ ስህተቴን ታርማለች፤ «ጮክ ብለህ አንብብ» ትላለች፤ አነባለሁ፤ «እንዲህ ካልክማ በሽተኛው ይስቅብሃል» ትላለች። ሁለት መቶ ቅጂ አባዝተን ዲላ ላይ ለነርሶች ሰጠን። አንዳንዶቹ ግድግዳ ላይ ለጠፉት። አንዳንዶቹ ምን እንዳደረጉት አላውቅም።

ወረቀቱን ማታ ማታ እያነበብኩ ቃላቱን በቃሌ ያዝኩ። ክረምቱ ሲወጣ፣ እትዬ ዘነበች ከመሞቷ አሥር ቀን በፊት፣ ብቻዬን ባንኮ ጎቲቲ ሄድኩ። ቤቷ ቡናና እንሰት መሃል ነው። ጎረቤቶቿ አስገብተውኝ ለእኛ ሲሉ ወጡ። መደብ ላይ ተኝታለች፤ ከብርድ ልብሱ ሥር ሰው ያለ አይመስልም። «ኮምፒውተር» አለችኝ።

አጠገቧ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። የት የት እንደሚያማት በትክክለኛው ቃል ጠየቅኳት። ዓይኗን ገልጣ ቆይታ አየችኝ፤ ከንፈሯ ላይ ሳቅ የሚመስል ነገር መጣ። ከዚያ ነገረችኝ፤ ወገቧን፣ እግሯን፣ ከሆዷ በታች ያለውን። ከአሥሩ ሰባቱ ገባኝ። ያልገባኝን ስጠይቃት ደገመችልኝ።

ወረቀቱ ላይ ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ ለመጠየቅ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። ወለል ወለሉን እያየሁ ጠየቅኳት።

«ደም ይፈስስሽ ነበር?»

እጇን ከብርድ ልብሱ አውጥታ ጉልበቴ ላይ አደረገችው።

«አዎ» አለችኝ፣ ያለ ምንም ቁጣ። «ያኔ ነግሬህ ነበር።»